ደቂቃዎቹ የት ይገባሉ? የአንጀት ቀዶ ሕክምና በሮቦት ሲሠራ የሥራ ፍሰትን ስለ መለካት

ለቀዶ ሐኪሞች፣ ለማደንዘዣ ባለሙያዎች፣ ለኦፕራሲዮን ክፍል ነርሶችና ለሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሮቦት ቀዶ ሕክምና በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሥራውን ያፈጥናል ወይስ ያዘገያል?» አጭሩ መልስ «ያዘገያል» የሚል ነው። ሮላር በተባለው ጥናት፣ በ10 አገሮች ባሉ 29 የሕክምና ማዕከላት የሬክተም (ከፊንጢጣ በላይ ያለው የአንጀት መጨረሻ) ካንሰር ያለባቸው 471 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተመደቡ። አንደኛው ወገን በሮቦት፣ ሌላኛው በተለመደው ላፓሮስኮፒ (በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ በእጅ በሚሠራው) ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ ሲታተም በሮቦት የተሠሩት በአማካይ 37.5 ደቂቃ ረዝመው ተገኙ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ቁጥር ሰምቶ የሚወጣ ሰው ትክክለኛ ቁጥር ይዞ ወጥቷል፤ ግን ምንም ሊሠራበት አይችልም። እነዚያ ደቂቃዎች የገቡት የት ነው? የሮቦቱን ክንዶች ንጹሕ ሽፋን በማልበስ? ክንዶቹን ከታካሚው ጋር በማገናኘት? የተጠራው ስቴፕለር (አንጀትን የሚቆርጥና የሚገጥም መሣሪያ) ከዕቃ ክፍል እስኪመጣ በመጠበቅ? ወይስ ቀዶ ሐኪሙ በጠባብ ዳሌ ውስጥ ሽንትንና የወሲብ ተግባርን የሚቆጣጠሩ ነርቮችን ላለመንካት ረጋ ብሎ በመሥራቱ? የመጨረሻው ከሆነ ጊዜው ባከነ ማለት አይቻልም፤ ታካሚው ተቀብሎታል። ስቴፕለር ሲጠበቅ ያለፈውን ደቂቃ ግን ማንም አልተቀበለውም። ሁለቱም በሰዓቱ ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ፤ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ሁለቱን እንዴት እንደምንለያቸው ነው።

ፍጥነት የቀዶ ሐኪም ዋና መመዘኛ የነበረበት ዘመን ነበር። ታካሚው ነቅቶ፣ እየሰማ ይቆረጥ ስለነበር እግርን በሁለትና በሦስት ደቂቃ የሚጨርስ ሐኪም በእርግጥም የተሻለ ሐኪም ነበር፤ የለንደኑ ሮበርት ሊስተን ዝናውን ያገኘው እንዲህ ነው። በ1846 የኤተር ማደንዘዣ ሲመጣ ሰዓቱ ሥልጣኑን አጣ። ሐኪሞችም በዝግታ፣ ሕብረ ሕዋሱን ደረጃ በደረጃ እየለዩ መሥራት ቻሉ። ያለዚያ ዝግታ የዛሬው የአንጀት ቀዶ ሕክምና ባልኖረም ነበር።

በ1910ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው የሥራ ጥናት መሐንዲስ ፍራንክ ጊልብሬዝ ካሜራና ሰዓት ይዞ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ። ቀዶ ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ የሚያጠፉት መሣሪያ በመፈለግ መሆኑን አየ። ሐኪሙ የሚፈልገውን ጠርቶ እጁን ሲዘረጋ ረዳቱ መሣሪያውን መዳፉ ላይ የሚያስቀምጥበት አሠራር ከእርሱ ሐሳብ ጋር ይያያዛል። ጊልብሬዝ ሐኪሙን «እጅህን አፍጥን» አላለውም፤ እጁ የሚጠብቀውን ነገር ነው ያፈጠነለት። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ክንዱ አራት የሆነ ማሽን አስገብተን እንኳ፣ ብዙዎቻችን አሁንም የምንለካው የሐኪሙን እጅ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና አንድ የሬክተም ካንሰር ቀዶ ሕክምና በሮቦት ሲሠራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምን እንደሚሆን እንከተል። ታካሚው ወደ ክፍሉ ይገባል፤ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። ከዚያ የአቀማመጥ ሥራ ይመጣል፦ እግሮቹ ይከፈታሉ፣ እጆቹ ከጎኑ ይታሰራሉ፣ ጫና የሚያርፍባቸው ቦታዎች ሁሉ በፍራሽ ይደገፋሉ። ጭንቅላቱ ዝቅ፣ ዳሌው ከፍ ብሎ ለሰዓታት ስለሚቆይ እንዳይንሸራተት ተደርጎ ይያዛል። ቡድኑ ቆም ብሎ የታካሚውን ማንነትና የሥራውን ዓይነት ያረጋግጣል። ቆዳ ይቀደዳል፣ ሆድ በጋዝ ይነፋል፣ መሣሪያዎቹ የሚያልፉባቸው ቱቦዎች በየቦታቸው ይገባሉ፣ የሆድ ውስጥ ምርመራ ይደረጋል። አልጋው ይዘነብላል። ሮቦቱ ይቀርብና ክንዶቹ ከቱቦዎቹ ጋር ይያያዛሉ፤ ባለሙያዎቹ ዶኪንግ የሚሉት ይህን ነው። መሣሪያዎቹ ሲገቡ ቀዶ ሐኪሙ ከታካሚው ይለይና ኮንሶሉ ላይ፣ ማለትም ክንዶቹን በሚመራበት መቆጣጠሪያ ላይ፣ ይቀመጣል።

እዚያም ዋናው ሥራ አለ። ወደ ታችኛው የግራ አንጀት የሚሄደው የደም ሥር ከሥሩ ይዘጋል፤ የግራው አንጀት ከተጣበቀበት ይላቀቃል፤ ካስፈለገም ከጣፊያ ሥር ያለው መታጠፊያ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ዳሌ ይወረዳል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቢል ሂልድ በ1982 እንዳስተማረው፣ ሬክተሙና የከበበው የስብ ሽፋን ሳይቀደድ አብሮ መውጣት አለበት። ሽፋኑ ከተቀደደ ካንሰሩ ተመልሶ ሊመጣ ይችላልና በዚህ ቦታ የሚቸኩል ሰው አይመሰገንም። ሬክተሙ በስቴፕለር ይቆረጣል፤ ሮቦቱ ይላቀቃል፤ የተቆረጠው ክፍል በትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። የተረፉት ሁለት ጫፎች በክብ ስቴፕለር ይገጣጠማሉ፣ መጋጠሚያው አየር እየተነፋበት ይፈተሻል፣ ቁስሉ ይዘጋል። ታካሚው ይነቃል፣ ይወጣል፤ ክፍሉ ይጸዳል፤ ቀጣዩ ይገባል።

አሁን «የቀዶ ሕክምና ጊዜ» ስንል ከዚህ ሁሉ የትኛውን ማለታችን ነው? አንዱ ሆስፒታል ቆዳ ከተቀደደበት እስከተሰፋበት ይለካል። ሌላው ታካሚው ከገባበት እስከወጣበት። ሦስተኛው ሐኪሙ ኮንሶል ላይ የተቀመጠበትን ብቻ። ሦስቱም በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ዓይነት ስም ተሰጥቷቸው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዶኪንግን ራሱን ውሰዱት። የሚጀምረው ሮቦቱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው ወይስ የመጨረሻው ቱቦ ሲገባ? የሚያልቀው የመጨረሻው ክንድ ሲያያዝ ነው ወይስ መሣሪያዎቹ ሁሉ በካሜራው ሲታዩ? አንዱን ትርጉም ትቶ ሌላውን በመያዝ ብቻ አንድ ሆስፒታል «ተሻሻልኩ» ሊል ይችላል።

ከዚህ የባሰም አለ። በቀደሙት የሮቦት ዓይነቶች ክንዶቹ ከአንድ ቦታ ሆነው ወደ ጣፊያ አካባቢም ወደ ዳሌም በቀላሉ አይደርሱም ነበር። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች የላይኛውን ሥራ በላፓሮስኮፒ፣ የዳሌውን ብቻ በሮቦት ያከናውኑ ነበር። የእነዚህ ሐኪሞች የኮንሶል ጊዜ አጭር ነው፤ ግማሹ ሥራ ከኮንሶሉ ውጭ ተሠርቷላ! ይህን ሁሉንም በሮቦት ከሚሠራ ሐኪም የኮንሶል ጊዜ ጋር የሚያወዳድር ሠንጠረዥ ምንም አይነግረንም። ስለዚህ ከመለካት በፊት የእያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያና መጨረሻ በጽሑፍ፣ በዓይን በሚታይ ድርጊት መወሰን አለበት። «ዝግጅት ሲጠናቀቅ» የሚለው በዓይን አይታይም፤ «አራተኛው ክንድ ሲያያዝ» የሚለው ይታያል።

ስለ ዶኪንግ አንድ ነገር ልበል፤ እውነቱን ለመናገር ከሚገባው በላይ ተወርቶለታል። ለመለካት ቀላል ነው፣ በልምምድ ቶሎ ይቀንሳል፣ በግራፍ ላይም ያምራል። የለመደ ቡድን በጥቂት ደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ሰዓታት በሚፈጅ ሥራ ውስጥ ከእነዚያ ላይ ሁለቱን ደቂቃ መቀነስ ምን ያህል ትርጉም አለው? በዚያ ላይ መሻሻሉ ሁልጊዜ የቡድኑ አይደለም። በ2014 የወጣው ዳ ቪንቺ ኤክስ አይ የተባለው ሮቦት ክንዶቹ ከላይ ከሚሽከረከር ምሰሶ ላይ የተንጠለጠሉ፣ ካሜራውም በማናቸውም ክንድ ላይ ሊገባ የሚችል ሆኖ መጣ። ከእርሱ ጋር የሚግባባው አልጋም ክንዶቹ ሳይላቀቁ ታካሚውን ማዘንበል አስቻለ። ስለዚህ በቀደመው ማሽን ሁለት ጊዜ ይደረግ የነበረው ዶኪንግ አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። «ከሥልጠናው በፊትና በኋላ» ብላችሁ ስታወዳድሩ በመካከሉ ማሽኑ ተቀይሮ ከሆነ ያመሰገናችሁት ሥልጠናውን ሳይሆን ግዢውን ነው።

ትልቁ ጉዳይ መስተጓጎል ነው። የሥራ ፍሰት አጥኚዎች በሮቦት የሚሠሩ ቀዶ ሕክምናዎችን በክፍሉ ተቀምጠው ሲከታተሉ ሥራውን ከተፈጥሯዊ አካሄዱ የሚያወጡ ክስተቶችን በሰዓት ወደ 10 የሚጠጉ ሆነው አግኝተዋቸዋል። አብዛኞቹ ጥቃቅን ናቸው። የጭጋጋም ካሜራ መጥረግ፣ የክንዶች መጋጨት፣ ያልተሰማ ትእዛዝ፣ በሥራ መሐል የሚጮህ ስልክ። አንድ በአንድ ሲታዩ የሚናቁ ናቸው፤ ሲደመሩ ግን የሐኪሙን ሐሳብ ይቆራርጣሉ።

ሮቦቱ ከእነዚህ አንዳንዶቹን ራሱ ፈጥሯቸዋል። በተለመደው ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ፣ ረዳቱና መሣሪያ አቀባይዋ ነርስ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። ነርሷ የሐኪሙን ዓይን አይታ ቀጥሎ የሚፈልገውን ታውቃለች። በሮቦት ሲሠራ ግን ሐኪሙ ፊቱን ኮንሶሉ ውስጥ አስገብቶ ከታካሚው ራቅ ብሎ ተቀምጧል። አያያቸውም፣ ፊቱንም አያዩትም። የቀረው ግንኙነት በድምፅ ማጉያ የሚመጣ ቃል ነው። ቀድሞ በዓይን ጥቅሻ ያልቅ የነበረው ነገር አሁን መነገር፣ መሰማት፣ «እሺ ገባ» ተብሎ መመለስ አለበት። ይህን ግንኙነት ያልለካ ጥናት የሮቦት ቀዶ ሕክምናን የሥራ ፍሰት ለካሁ ማለት የለበትም ባይ ነኝ።

የመሣሪያ መቀያየርም አለ። እያንዳንዱ ቅያሪ መሣሪያውን ማውጣት፣ ሌላውን ማስገባትና በካሜራ ዓይን ሥር መድረሱን ማረጋገጥን ይጠይቃል። ስንት ጊዜ እንደተቀየረ መቁጠር ቀላል ነው፤ ለምን እንደተቀየረ መጠየቅ ግን ይበልጥ ይጠቅማል። ብዙዎቹ የሮቦት መሣሪያዎች የተወሰነ የአገልግሎት ብዛት ብቻ አላቸው፤ ማሽኑ ራሱ ይቆጥርና ሲያልቅ አልቀበልም ይላል። የመሣሪያው ቀሪ ዕድሜ ሳይታይ የተጀመረ ሥራ ለቅያሪ ፍለጋ ይቆማል። ስቴፕለሩም እንዲሁ ነው። ሬክተሙ ለመቆረጥ ከተዘጋጀ በኋላ ትክክለኛው የስቴፕለር ካርትሪጅ ሲፈለግ ማየት «ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» የተባለውን ያስታውሳል። ያ ቅጽበት እኮ ከሁለት ሰዓት በፊት ጀምሮ እንደሚመጣ ይታወቅ ነበር።

ስለዚህ መስተጓጎልን ለምትመዘግቡ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በዓይነት ከመደርደራችሁ በፊት በቅጹ ላይ «ማን ማንን ይጠብቃል?» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩ። ሐኪሙ ነርሷን፣ ነርሷ ዕቃ ክፍልን፣ ሁሉም የማደንዘዣ ባለሙያውን፣ የማደንዘዣ ባለሙያው ቀዶ ሐኪሙን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ዓምዱን ብቻ አንብቡ፤ ተጠባቂው በተደጋጋሚ አንድ ቦታ ላይ ይገኛል። አንድ ልዩነት ግን አስቀምጡ። በማስተማሪያ ሆስፒታል ሐኪሙ ቆም ብሎ ለተማሪው የሚያስረዳበት ጊዜም ፍሰቱን ያቋርጣል። ይህ ለብቻው ይመዝገብ እንጂ ከብክነት አይደመር። ከብክነት ከደመራችሁት ቀጣዩ ትውልድ የሚማርበትን ጊዜ በቅልጥፍና ስም ትሰርዛላችሁ።

ቁጥሮቹ ከተሰበሰቡ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ፈተና አማካይ ነው። እንበልና አምስት ቀዶ ሕክምናዎች 180፣ 190፣ 200፣ 210 እና 420 ደቂቃ ፈጁ። አማካዩ 240 ነው። ከአምስቱ ግን 240 ደቂቃ አካባቢ የቆየ አንድም የለም። መሐከል ላይ ያለው 200 ይበልጥ እውነቱን ይናገራል። የቀዶ ሕክምና ጊዜ ባሕርዩ እንዲህ ነው፤ ከተወሰነ በታች መውረድ አይችልም፣ ወደ ላይ ግን ጅራቱ ረጅም ነው። በ2000 የታተመ ሰፊ የስታቲስቲክስ ጥናትም የቀዶ ሕክምና ጊዜዎች ከደወል ቅርጹ ይልቅ ሎግኖርማል ከሚባለው ሥርጭት ጋር እንደሚስማሙ አሳይቷል። ለአስተዳዳሪ ትርጉሙ ይህ ነው፦ የቀኑን ፕሮግራም የሚያበላሸው አማካዩ አይደለም፣ ጅራቱ ነው። ሁለት ሆስፒታሎች እኩል አማካይ ኖሯቸው አንዱ በየቀኑ በሰዓቱ ሲጨርስ ሌላው በሳምንት ሁለት ቀን ያመሻል።

የታካሚዎቹ ዓይነትም አለ። የወንድ ዳሌ በአብዛኛው ጠባብ ነው። ውፍረት፣ ቀደም ሲል የተሰጠ የጨረር ሕክምና፣ ዕጢው ለፊንጢጣ ያለው ቅርበት፣ የቀድሞ ቀዶ ሕክምና የተወው ጠባሳ ሁሉ ሥራውን ያረዝማሉ። እነዚህ ያልተመዘገቡበት የጊዜ ሰንጠረዥ ከባድ ታካሚዎችን የሚቀበለውን ሐኪም ይቀጣል። ወደ ክፍት (ሆድ በሰፊው ተከፍቶ ወደሚሠራ) ቀዶ ሕክምና የተቀየሩትን ከስሌቱ ማውጣት ደግሞ ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። በሮላር ጥናት እንዲህ የተቀየሩት በሮቦት 8.1 በመቶ፣ በላፓሮስኮፒ 12.2 በመቶ ነበሩ። እጅግ አስቸጋሪዎቹን ሥራዎች አውጥቶ ከቀሩት ላይ አማካይ መሥራት ውጤትን ማስዋብ ነው።

ስለ መማር ኩርባ፣ ማለትም ሥራው በልምድ እንዴት እንደሚሻሻል፣ ትንሽ ልቆይ። ኩሰም የሚባለው ዘዴ በ1954 ፔጅ የተባለ እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ ለፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ያወጣው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የእያንዳንዱ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ከአንድ መነሻ ቁጥር ጋር ይነጻጸርና ልዩነቱ እየተደመረ ይሄዳል። መስመሩ ሲወጣ ሥራው ከመነሻው በላይ እየረዘመ ነው፤ ሲተኛ ተረጋግቷል፤ ሲወርድ አጥሯል። በ2011 በዚህ ዘዴ የታተመ አንድ ጥናት የአንድ ቀዶ ሐኪም 50 ተከታታይ የአንጀት ቀዶ ሕክምናዎችን አይቶ ሦስት ምዕራፎች አገኘ፦ የመጀመሪያዎቹ 15 የመማሪያ፣ ቀጣዮቹ 10 የመረጋጊያ፣ የቀሩት 25 ይበልጥ ከባድ ሥራ የተደፈረባቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «15 ከሠራህ ተምረሃል» የሚል አባባል በየቦታው ይሰማል። ይህ ከአንድ ሰው የተወሰደ ቁጥር ነው! ደግሞም ሦስተኛውን ምዕራፍ ልብ በሉት። ሐኪሙ እየበረታ ሲሄድ የሚመርጣቸው ታካሚዎችም እየከበዱ ይሄዳሉ፤ ችሎታ ሲያድግ ጊዜው ሊረዝም ይችላል። ጊዜን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን «ወደ ኋላ ተመለሰ» ብሎ ያነበዋል።

ኩርባውን ለሐኪሙ ብቻ መስጠትም ልክ አይደለም። ከታካሚው አጠገብ የሚቆመው ረዳት፣ መሣሪያ አቀባይዋ፣ ተዘዋዋሪዋ ነርስ ሁሉ ይማራሉ። ቡድኑ በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ ሐኪሙ መቶ ቢሠራ እንኳ ከአጠገቡ ያለው ሰው ሁልጊዜ አምስተኛውን እየሠራ ነው። ስለዚህ የሐኪሙን የሥራ ቁጥር በምትጽፉበት መስመር የረዳቱንና የነርሷንም ጻፉ። ወደ ሮላር ስንመለስ፣ ወደ ጥናቱ ለመግባት አንድ ሐኪም በሮቦት ቢያንስ 10 መሥራት ይበቃው ነበር፤ የአብዛኞቹ ልምድ ግን በላፓሮስኮፒው ይበልጥ የካበተ ነበር። በኋላ ተመራማሪዎቹ ይህን የልምድ ልዩነት አስገብተው ስሌቱን ሲሠሩት፣ መጀመሪያ በአጋጣሚ ከሚመጣ ልዩነት ያልተለየው የሮቦቱ ብልጫ፣ ማለትም ወደ ክፍት ቀዶ ሕክምና የመቀየሩ ዕድል መቀነስ፣ ጎልቶ ታየ። 37.5 ደቂቃውም ውስጥ የሚማር ሰው ደቂቃ ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

ሮቦቱ ራሱ መለኪያ ሆኗል። የእያንዳንዱን ክንድ እንቅስቃሴ፣ መሣሪያው የተጓዘውን ርቀት፣ ካሜራው ስንት ጊዜ እንደተንቀሳቀሰ፣ የማቃጠያው ፔዳል ስንት ጊዜ እንደተረገጠ፣ እጆቹ ያለ ሥራ የቆሙበትን ጊዜ ሁሉ ሊመዘግብ ይችላል። ይህ ከዓይን ምስክር የላቀ መረጃ ነው፤ በፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ላይ እነዚህ ልኬቶች ልምድ ያለውን ከጀማሪው እንደሚለዩ ታይቷል። ሆኖም ትርጉሙን በግምት አትስጡት። ካሜራውን እምብዛም የማያንቀሳቅስ ሰው ቆጣቢ ይመስለናል፤ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ግን ካሜራቸውን ቶሎ ቶሎ ያንቀሳቅሳሉ፣ የሚሠሩበትን ቦታ ሁልጊዜ መሐል ላይ ለማቆየት። ሽንትን ከኩላሊት የሚያወርደውን ቱቦ ፈልጎ እስኪያየው ድረስ ምንም የማይቆርጥ ሐኪም በእንቅስቃሴ ርቀት ይሸነፋል፤ እኔ ግን እርሱ ቢሠራኝ እመርጣለሁ።

ደግሞ ማሽኑ የሚያየው የተያያዘበትን ጊዜ ብቻ ነው። ታካሚው ከገባ ጀምሮ እስከ ዶኪንግ፣ ከተላቀቀ በኋላ እስከ ቀጣዩ ታካሚ ድረስ ዕውር ነው። በቪዲዮ የሥራ ደረጃዎችን የሚለይ የኮምፒውተር ፕሮግራምም በዚህ በኩል ገና ብዙ ይቀረዋል። በሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በደንብ የተሞከረው ሥራው በአብዛኛው በቅደም ተከተል ስለሚሄድ ነው። በአንጀት ግን ሐኪሙ ከግራው አንጀት ወደ ደም ሥሩ ይመለሳል፣ ዳሌ ጀምሮ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል። ከሃይደልበርግ የወጣው የታወቀ የአንጀት ቀዶ ሕክምና የቪዲዮ ስብስብ እንኳ 30 ቪዲዮዎች ያሉት ነው፤ እነርሱም በላፓሮስኮፒ የተሠሩ ናቸው።

አሁን ወደ ፍጥነት ልመለስ፤ እዚህ ላይ ቁጥሮቹ ያታልላሉና። በ2013 በአሜሪካ ሚቺጋን የ20 ቀዶ ሐኪሞች ቪዲዮ በባልደረቦቻቸው ተገምግሞ ነበር፤ ሥራው የውፍረት ቀዶ ሕክምና ነው። በችሎታ ዝቅተኛውን ነጥብ ያገኘው ሩብ በአማካይ 137 ደቂቃ ሲፈጅ ከፍተኛው ሩብ በ98 ደቂቃ ጨርሷል። የጎንዮሽ ችግር የገጠማቸው ታካሚዎችም 14.5 በመቶና 5.2 በመቶ ነበሩ። ይህን አይቶ «እንግዲያው ሁሉም በ98 ደቂቃ ይጨርስ» ማለት የሚቀናው አስተዳዳሪ አይጠፋም። አጭሩ ጊዜ ግን የችሎታው ፍሬ ነው። ችሎታ ለሌለው ሰው ጊዜውን ብታሳጥሩበት ያለችውን አንዲት መከላከያ፣ ጥንቃቄውን፣ ትነጥቁታላችሁ።

የማይነኩ ደቂቃዎችም አሉ። በዓለም ጤና ድርጅት የተዘጋጀው የቀዶ ሕክምና የደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር በ8 ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 ሲታተም ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ነበር። መጋጠሚያውን በአየር መፈተሽ፣ የደም ዝውውሩን በሚያበራ ቀለም ማየት፣ የሽፋኑን ሙሉነት መመልከት ሁሉ ጊዜ ይወስዳሉ። በቻይና በ11 ሆስፒታሎች የተካሄደው ሪል የተባለው ጥናት በ2022 እንዳሳየው፣ መካከለኛና ዝቅተኛ የሬክተም ካንሰር በሮቦት ሲሠራ በተቆረጠው ክፍል ዙሪያ ጠርዝ ላይ ካንሰር የተገኘባቸው 4.0 በመቶ ሲሆኑ በላፓሮስኮፒ 7.2 በመቶ ነበሩ። ለዚህ ልዩነት ጥቂት ተጨማሪ ደቂቃ ይከፈል ቢባል ታካሚው ምን እንደሚመልስ መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ በእኔ እምነት ማንኛውም የጊዜ ሠንጠረዥ ብቻውን ግድግዳ ላይ መለጠፍ የለበትም። ከጎኑ የመጋጠሚያ መፍሰስ፣ ዳግም ቀዶ ሕክምና፣ ወደ ክፍት የመቀየር መጠን፣ የጠርዝ ንጽሕናና የተገኙ የሊምፍ ዕጢዎች ቁጥር ይኑር።

መለኪያው ለቅጣት ከዋለ ደግሞ መረጃው በዚያው ይሞታል። ነርሶች ሰዓቱን «በሚያስደስት» መንገድ መሙላት ይጀምራሉ፤ አልፈርድባቸውም።

በመጨረሻ ከአድማጮች ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ላንሣ። አንዲት የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ «ይህን ሁሉ ማን ይመዘግባል? እጃችን ሞልቷል» ብለው ጠየቁ። ትክክል ናቸው። ሁሉንም በአንዴ አትጀምሩ። መጀመሪያ ስድስት ሰዓቶች ይበቃሉ፦ ታካሚው የገባበት፣ ቆዳ የተቀደደበት፣ ዶኪንግ ያለቀበት፣ ሮቦቱ የተላቀቀበት፣ ቆዳ የተሰፋበት፣ ታካሚው የወጣበት። ሁሉም ከአንድ የግድግዳ ሰዓት ይነበቡ፤ የማደንዘዣው ማሽን፣ የሮቦቱና የኮምፒውተሩ ሰዓቶች በደቂቃዎች ተለያይተው መገኘታቸው የተለመደ ነው። መስተጓጎልን በየቀኑ መመዝገብ አያስፈልግም፤ በየጊዜው ለተወሰኑ ሳምንታት ሌላ ሥራ የማይሰጠው አንድ ታዛቢ ይቀመጥ።

አንድ አስተዳዳሪ ደግሞ ተራ የሚጠብቁ ታካሚዎች ስለበዙ ሁለተኛ ሮቦት ይግዙ እንደሆነ ጠየቁ። የመለስኩላቸው ይህን ነው፦ በመጀመሪያ ያለዎት ሮቦት በሥራ ቀን ስንት ሰዓት ከታካሚ ጋር ተያይዞ እንደሚውል ከእነዚያ ስድስት ሰዓቶች ያስሉ። የቀሪውን ሰዓት ምክንያት ይለዩ። የጠዋቱ የመጀመሪያ ታካሚ ዘግይቶ እየገባ ከሆነ ሁለተኛውም ሮቦት አብሮ ይዘገያል። በሁለት ታካሚዎች መካከል ያለው ጊዜ ረዝሞ ከሆነ ግን ጽዳቱን ከመውቀስዎ በፊት የመሣሪያ ማምከኛ ክፍሉን ይጎብኙ። የሮቦት መሣሪያዎች ውስጣቸው ጠባብ ቱቦ ስለሆነ እጥበታቸው ረጅም ነው። ያለዎት የመሣሪያ ስብስብ ሁለት ብቻ ከሆነ ሦስተኛው ታካሚ የሚጠብቀው ሮቦቱን አይደለም፣ የመጀመሪያው ስብስብ ታጥቦና መክኖ እስኪመለስ ነው። አንድ ተጨማሪ ስብስብ ደግሞ ከአንድ ሮቦት በእጅጉ ይረክሳል።